ከማንቡክ ፖሊስ ጣቢያ ምን መጠየቅ ይቻላል?

በዳንጉር ወረዳ ከብቱ የተሰረቀበት፣ ልጁ የተደበደበችበት ወይም ጎረቤቱ መሣሪያ ይዞ የዛተበት ሰው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው የወረዳው መቀመጫ ማንቡክ፣ ከፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ነው። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። አንዱ ፖሊስ ፊት መቅረቡን ራሱን እንደ ነውር ስለሚቆጥረው ቤቱ ይቀመጣል። ሌላው ፖሊስ ዳኛም ካሳ ከፋይም መስሎት ይሄድና የጠበቀው ሳይሆን ሲቀር ዳግመኛ ላይመለስ ይወጣል። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ነው። የወረዳ ፖሊስ በሕግ ምን እንደታዘዘ፣ ምንስ እንደተከለከለ አውቆ የሚሄድ ሰው ጉዳዩን በቀላሉ ያስረዳል፤ ቢበደልም የት ላይ እንደተበደለ ለይቶ መናገር ይችላል።

ፖሊሱ የማን ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 የክልሉን ፖሊስ የማደራጀትና የመምራት፣ የክልሉንም ሰላምና ጸጥታ የማስጠበቅ ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። ስለዚህ ማንቡክ ላይ ቃልዎን የሚቀበለው ፖሊስ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ፖሊስ አባል ነው። የክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን አሶሳ ላይ፣ የመተከል ዞን ፖሊስ ግልገል በለስ ላይ፣ የወረዳው ደግሞ ማንቡክ ላይ ይገኛል። አሶሳንና መተከልን ዓባይ ለይቷቸዋል፤ ለዳንጉር ገበሬ የኮሚሽኑ ቢሮ በጣም ሩቅ ነው። በመሆኑም አብዛኛው ጉዳይ እዚያው ወረዳው ላይ፣ ከፍ ካለም ግልገል በለስ ላይ ማለቅ ይኖርበታል። ፌዴራል ፖሊስ ሌላ ነው፤ የሽብር፣ የሐሰተኛ ገንዘብና የመሳሰሉትን የፌዴራል ወንጀሎች ይከታተላል፣ የፌዴራል መንግሥቱን ተቋማትም ይጠብቃል። ወደ ጉባና ወደ ህዳሴ ግድቡ በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ ሰው ሁለቱንም ደንብ ልብስ ስለሚያይ ቢምታታበት አያስደንቅም። የከብት ስርቆት፣ ድብደባ፣ ዛቻ፣ ቤት ማቃጠል፣ ነፍስ ግድያም ቢሆን በመደበኛው የወረዳው ፖሊስ ሥራ ነው።

ከወረዳው በታች ቀበሌ አለ። በማኅበረሰብ አቀፍ የወንጀል መከላከል አሠራር መሠረት ለቀበሌ ፖሊስ ይመደባል፤ ሥራውም ወንጀል ሳይፈጸም መድረስ፣ ከነዋሪው ጋር መወያየት፣ ጥል ሲጀመር ማብረድ ነው። የቀበሌ ሚሊሻም አለ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሚሊሻ ፖሊስን ያግዛል እንጂ ወንጀል የመመርመር፣ ቃል የመቀበል ወይም ሰውን በቀበሌ ቤት አስሮ የማቆየት ሥልጣን የለውም። ወንጀለኛን እጅ ከፍንጅ መያዝ ለማንኛውም ዜጋ የተፈቀደ ነው፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህንን ይፈቅዳል። የያዘው ሰው ግን ሳይውል ሳያድር በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ አለበት። በገበያ መሃል ሌባ ተብሎ የተያዘን ሰው መደብደብ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ደብዳቢዎቹም ይከሰሱበታል።

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ስለ ሸሪፍ ሰምቶ ይሆናል። በዚያ አገር ካውንቲ የሚባለው የአስተዳደር እርከን በአብዛኛው የራሱ ሸሪፍ አለው፤ ከከተማ ውጪ ያለውን ገጠር ይጠብቃል፣ የካውንቲውን እስር ቤት ያስተዳድራል፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ያደርሳል፣ ችሎትም ያስከብራል። በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚመረጠው በነዋሪው ድምፅ ነው። የእኛ ወረዳ ፖሊስ ኃላፊ ግን የሚመጣው በሹመት ነው። ፍርድ ያረፈባቸው እስረኞች የሚሄዱት ወደ ማረሚያ ቤት ነው፤ ማረሚያ ቤቱ የሚመራው በሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ክሱን የሚመሠርተውም ዐቃቤ ሕግ ነው። ይህ ልዩነት ለነዋሪው ትልቅ ትርጉም አለው። የካውንቲው ነዋሪ የማይወደውን ሸሪፍ በምርጫ ቀን ያነሣዋል። የማንቡክ ነዋሪ ይህ ዕድል ስለሌለው ያለው መንገድ አቤቱታ፣ የወረዳ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት ነው። እነዚህን ካልተጠቀመባቸው ሌላ ማንም አይጠቀምለትም።

መተከል ላይ ስለ ፖሊስ ሲጻፍ ያለፉትን ዓመታት መዝለል አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. ዳንጉርን ጨምሮ በዞኑ ወረዳዎች ሰላማዊ ሰዎች በጅምላ ተገድለዋል። በታኅሣሥ ወር በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ጥቃት መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቆ ነበር። ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ተፈናቅሎ ብዙው በአዊ ዞን ቻግኒ አቅራቢያ በተቋቋመ መጠለያ ከርሟል። ዞኑ በኮማንድ ፖስት ሥር ገባ፤ መከላከያ፣ ፌዴራል ፖሊስና የክልል ልዩ ኃይሎች ገቡ። በ2014 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ አይሲድ ቀበሌ ሰው በቁሙ ሲቃጠል የሚያሳየው ምስል አገሩን ሁሉ አስደነገጠ፤ በድርጊቱ የጸጥታ ኃይል አባላት እንደነበሩበት የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽኑ ባወጣው መግለጫ ተገልጿል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ መደበኛ የክልል ፖሊስ እንዲገቡ ወሰነ።

ይህንን የማነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ሕዝቡ የለመደው የጸጥታ አካል መሣሪያ የታጠቀ፣ ከሌላ ቦታ የመጣና ነገ የሚሄድ ነበር። የወረዳ ፖሊስ ግን እዚያው ይኖራል። ግድያ የመሰከረን ሰው ቃል ከዓመት በኋላ መዝገብ አውጥቶ የሚያነበው፣ ተፈናቃይ ሲመለስ የተወሰደ በሬውን የሚያጣራለት፣ ከብት ሰብል በላ ብሎ የተነሣን ጥል ጥይት ሳይተኮስ የሚያበርደው እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በጉልበት አይሠራም። የሚሠራው በመዝገብ፣ በምስክርና ጊዜን በማክበር ነው።

እንግዲህ ወደ ጣቢያው እንግባ።

በመጀመሪያ የሚያገኙት ተረኛ ፖሊስ ነው። ስለ ተፈጸመ ወንጀል ለማመልከት የግድ ተበዳይ መሆን አይጠበቅብዎትም፤ ወንጀሉን ያየ ወይም የሰማ ሁሉ ማመልከት ይችላል። በቃል የተነገረው በጽሑፍ ይሰፍራል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ለተናጋሪው ይነበብለታል፣ ከዚያ ይፈረምበታል። ማንበብ የማይችል ሰው ሳይነበብለት የጣት አሻራ ማኖር የለበትም። ይህ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ፍርድ ቤት ላይ ብዙ ጉዳይ የሚወድቀው ምስክሩ በችሎት የሚናገረውና በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ስለማይገናኝ ነው። ‹‹ትናንት ማታ›› ከማለት ሰዓቱን፣ ‹‹እዚያ ማዶ›› ከማለት የቦታውን ስም፣ ‹‹ሰዎች ነበሩ›› ከማለት እነማን እንደነበሩ መናገር ይረዳል። ለጠፋ ከብትም ቀለሙ፣ ቀንዱና ምልክቱ ቢነገር ጥሩ ነው። ሲወጡ የመዝገብ ቁጥሩንና የመርማሪውን ስም ይጠይቁ፤ በሌላ ቀን ሲመለሱ ጉዳይዎ የሚገኘው በዚያ ነው።

ቋንቋ በዳንጉር ዋና ጉዳይ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በወረዳው ግን ጉሙዝኛ፣ ሽናሽኛ፣ አገውኛና ኦሮምኛ የሚናገር አለ። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ያዛል። የተከሰሰ ሰው ደግሞ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። አንድ የጉሙዝ አዛውንት አንገታቸውን ስለነቀነቁ ብቻ ‹‹አምነዋል›› ተብሎ መጻፍ የለበትም። በእኔ እምነት በዚህ ወረዳ ከፖሊስ መሻሻሎች ሁሉ መቅደም ያለበት ይህ ነው፤ ከመኪናም ከሬዲዮም በፊት የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚናገሩ መርማሪዎች ያስፈልጋሉ።

ሁሉም ወንጀል በአንድ መንገድ አይሄድም። ስድብን፣ በትዳር ላይ ማመንዘርንና በሰው ንብረት ላይ የሚደርስ ቀላል ጉዳትን የመሳሰሉት የሚታዩት ተበዳዩ ራሱ አቤት ሲል ነው። ለእነዚህ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ የሚቆጠረውም ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። ሽማግሌ ሲመላለስ ሦስት ወሩ ያለቀበት ሰው በኋላ ፖሊስን መውቀስ አይችልም። ግድያ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋ፣ ውንብድና ግን በማንም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠሉ አይደሉም። ፖሊስ ከሰማ የመመርመር ግዴታ አለበት።

ሽምግልናን በተመለከተ ግልጽ እንነጋገር። በመተከል የደም ጥልን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ የሽማግሌዎች እርቅ ነው፤ ይህንን የሚንቅ የአካባቢውን ሕይወት አያውቅም። ጥሩ የወረዳ ፖሊስም ሽማግሌዎችን ያከብራል፣ ያማክራል። ሆኖም እርቅ የበቀልን መንገድ ይዘጋል እንጂ የከባድ ወንጀልን መዝገብ አይዘጋም። በተለይ ልጃገረድ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ሳለ ‹‹ከብት ተሰጥቷል፣ ነገሩ አልቋል›› ሲባል ያለቀው የቤተሰቦቹ ጉዳይ ነው፤ የእርሷ አላለቀም። ጠለፋ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው፤ ጠላፊው ስላገባት አይነጻም። ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳርም እንዲሁ። በእህት ልውውጥ ጋብቻ የሚፈጸም ከሆነም ሴቲቱ ካልፈቀደች ወይም ዕድሜዋ ካልደረሰ ባህል መሆኑ ሕጉን አያስቀረውም።

የተደፈረች ሴት ወይም ልጅ ከፖሊስም በፊት ቢሆን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ትችላለች፤ መሄድም አለባት። ሰውነቷን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ ሳታጥብ ብትሄድ ማስረጃው ይተርፋል። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ፖሊስ ለሕክምና ማስረጃ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ጉዳዩ ከጤና ጣቢያ በላይ ከሆነም በአካባቢው የፓዌ ሆስፒታል አለ። ቃሏን ሴት ፖሊስ እንድትቀበላት መጠየቅ ነውር የለውም፤ ቤተሰብ ሊጠይቅላት ይገባል።

ከተበዳዩ ወገን ወደ ተጠርጣሪው እንሻገር። ማንም ሰው ነገ በዚያ በኩል ሊቆም ይችላል።

ፖሊስ ተጠርጣሪን መጀመሪያ በመጥሪያ ይጠራል፤ ካልቀረበ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይይዛል። ያለ ትእዛዝ መያዝ የሚቻለው እጅ ከፍንጅ ሲሆንና ሕጉ በዘረዘራቸው ጥቂት ሁኔታዎች ነው። የተያዘው ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ የሚናገረውም ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ወዲያው ሊነገረው ይገባል። አምነህ ፈርም ተብሎ ቢገደድ ያ ቃል በፍርድ ቤት ተቀባይነት የለውም፤ ያስገደደው ፖሊስም በወንጀል ይጠየቃል።

ከዚያ የሚመጣው 48 ሰዓት ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ሕገ መንግሥቱ እሑድ ወይም በዓል ብሎ የለየው ነገር የለም። የፈቀደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ በምክንያታዊ ግምት የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ በ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም። በአዲስ አበባ ይህ ንዑስ ሐረግ ትርጉም የለውም ማለት ይቻላል። በዳንጉር ግን ትልቅ ትርጉም አለው። ቆላ ነው፤ ቀበሌዎቹ የተራራቁ ናቸው፤ በክረምት ወንዝ ሲሞላ መንገድ ይቆረጣል። ከሩቅ ቀበሌ በእግር የመጣ ተጠርጣሪ መንገድ ላይ አንድ ቀን ቢፈጅ ያ ቀን አይቆጠርበትም። ችግሩ ሐረጉ ያለ ልክ ሲለጠጥ ነው። ማንቡክ ጣቢያ ገብቶ ያደረ ሰው ጉዞው አብቅቷል፤ ከዚያ በኋላ ‹‹መኪና የለም››፣ ‹‹መርማሪው መስክ ወጥቷል›› ወይም ‹‹ዳኛው ስብሰባ ነው›› የጉዞ ጊዜ ሊባሉ አይችሉም። ስለዚህ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ ጣቢያ የደረሰበትንም ሰዓት ይጻፍ። ዳኛ ፊት ክርክሩ የሚነሣው በዚህ ነው።

ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ወይ ይፈታል፣ ወይ በዋስ ይወጣል፣ ወይ ምርመራው አላለቀም ተብሎ ጊዜ ቀጠሮ ይሰጥበታል። አንድ ጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ፖሊስ በየቀጠሮው ምን እንደሠራ፣ ምን እንደቀረውም ለዳኛው ማስረዳት አለበት። ተጠርጣሪው ወይም ጠበቃው ‹‹ባለፈው የተባለው ምስክር ቃል ተቀብላችሁታል ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ሊጠይቅም ይገባል። ለቀላል ወንጀሎች ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይደረስ ፖሊስ ራሱ በዋስ መልቀቅ ይችላል። ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ዋስ ይዞ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ዐቃቤ ሕጉም ክስ የሚመሠርት ከሆነ የተሰጠው ጊዜ 15 ቀን ነው።

በእስር ላይ ያለን ሰው የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ ወዳጆቹ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት ይችላሉ። ለዚህ ክፍያ የለም። የተያዘው ልጅ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው ደግሞ ወዲያው ወደ ፍርድ ቤት መቅረብ እንጂ ከጎልማሶች ጋር መታጎር የለበትም።

ስለ ቤት ብርበራም ጥቂት እንበል። ፖሊስ ቤት ለመበርበር የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። የሚበረበረውም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በሌላ ሁኔታ ካላዘዘ በቀር። ያመለጠን ሰው በትኩሱ ሲያሳድዱ፣ ወይም የከባድ ወንጀል ማስረጃ ሊጠፋ ሲል ያለ ትእዛዝ መግባት ይፈቀዳል። ሴትን የምትፈትሽ ሴት ናት። የተወሰደው ዕቃ በዝርዝር ተጽፎ ገለልተኛ ሰው ቢፈርምበት ለፖሊሱም ጥበቃ ነው፤ ‹‹ገንዘብ ጠፍቶብኛል›› የሚል ክርክር እዚያው ይቋጫል።

ፖሊስ የማይሠራውን ማወቅ ደግሞ ድካም ያድናል። ያበደሩትን ገንዘብ ተበዳሪ ባይመልስ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው፤ ፖሊስ ለብድር ብሎ ሰው አያስርም። የመሬት ወሰን፣ የውርስ ክፍፍል፣ ፍቺም እንደዚሁ ወደ ፍርድ ቤት ወይም እንደ መጠኑ ወደ ቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። በወሰኑ ምክንያት አንዱ ሌላውን ቢያስፈራራ ወይም ቢመታ ግን ዛቻውና ምቱ የፖሊስ ሥራ ነው።

የትራፊክ ፖሊስ አገልግሎትም አለ። መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ሰው ከገጨ ትራፊክ ፖሊስ የሚያዘጋጀው ሪፖርት ለሦስተኛ ወገን መድን ካሳ መሠረት ነው። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ባይታወቅ እንኳ ተጎጂው ከመድን ፈንድ ካሳ የሚጠይቅበት ሕግ አለ፤ ያለ ፖሊስ ሪፖርት ግን ጥያቄው አይራመድም። መታወቂያ ወይም ሰነድ የጠፋበትም ምትክ ለማውጣት የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል።

ፖሊሱ ራሱ ሲበድልስ? መጀመሪያ የጣቢያው ኃላፊ፣ ከዚያ የዞኑ ፖሊስ፣ ከዚያ አሶሳ ያለው ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላሉ። የሚያስፈልገው ግን ሰው ከታሰረና በጊዜው ካልቀረበ አለቃ ለአለቃ መመላለስ ቀን እንደሚበላ ማወቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ሌላ በር ከፍቷል፤ በ48 ሰዓት ያልቀረበ ሰው፣ ወይም ስለ እርሱ ሌላ ሰው፣ አካሉ ነፃ እንዲወጣ በቀጥታ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱም ያሰረው አካል እስረኛውን ይዞ ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያዝዛል። ድብደባ ወይም ማሰቃየት ከደረሰ አሶሳ ላይ ቅርንጫፍ ያለው የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤቱታ ይቀበላል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቢታወጅ ብዙ መብቶች ለጊዜው ሊገደቡ ይችላሉ፤ አንቀጽ 18 ግን፣ ማለትም ሰውን ማሰቃየትና ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው፣ በአስቸኳይ ጊዜም እንደማይገደብ አንቀጽ 93 በግልጽ ደንግጓል። በየካቲት ወር በአይሲድ ሜዳም ሆነ በሰኔ በማንቡክ ጣቢያ፣ ደንብ ልብሱ የክልልም ይሁን የፌዴራል፣ ድንጋጌው አንድ ነው። ለአቤቱታው የሚያስፈልገው ጠበቃ መሆን አይደለም፤ የታሳሪው ስም፣ የተያዘበት ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ የያዘው አካልና የደረሰው በደል በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ በወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ቢቀርብ፣ ጉዳዩ የዚያ ፍርድ ቤት ሥልጣን ባይሆን እንኳ ወዴት መቅረብ እንዳለበት እዚያው ይነግሩዎታል።